ልጁ ስንት ደቂቃ ሮጠ?

(ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ!

አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ!

እንደሱ ነው እንጂ። የስፖርት አስተማሪ ተሰብስቦ ድምፁ እንዲህ ከሰለለ፣ የሒሳብ አስተማሪዎች ስብሰባ ምን ሊመስል ነው?

ውድ ባልደረቦቼ፣ ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ ርዕሰ መምህራን፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ወላጆችም፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ "በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለልጆች የሚሆኑ ቀላል የእንቅስቃሴ ጨዋታዎች" የሚል ነው። ርዕሱ ረጅም ነው፤ እኔ የምለው ግን አጭር ነው። ጨዋታ ስንመርጥ "ልጆቹ ይወዱታል ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። "ሥርዓት ይይዙልኛል ወይ?" ብለን እንጠይቃለን። "በዚህ ጨዋታ አንድ ልጅ ስንት ደቂቃ ይሮጣል?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። ዛሬ ይህን ጥያቄ ይዛችሁ እንድትሄዱልኝ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ስለ ሰልፍ ነው። ሁለተኛው ልጅን ከጨዋታ ስለማስወጣት ነው። ሦስተኛው ራሳቸው ጨዋታዎቹ ናቸው። በመሃል ወሬ ካበዛሁ ታገሡኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሜዳ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ማይክ ሲያገኝ እንዲህ ነው።

እንግዲህ ወደ አንደኛው።

አንድ ጊዜ የስፖርት ክፍለ ጊዜ እንድታዘብ ተጋብዤ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራም፤ መምህሩንም አልጠራም። ጎበዝ ሰው ነው፤ ልጆቹም ይወዱታል። ሜዳው ደምቋል። ጩኸት አለ፣ ፊሽካ አለ፣ ጭብጨባ አለ። እኔ ዳር ቁጭ ብዬ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ አንድ ልጅ መረጥኩ። ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ብቻ አየሁ። ሲሮጥ የስልኬን ሰዓት ቆጣሪ አስነሳለሁ፤ ሲቆም አቆማለሁ።

ልጁ ተሰለፈ። ማብራሪያ ሰማ። ተራውን ጠበቀ። ሮጠ። ተመልሶ ከሰልፉ ጭራ ቆመ። ከፊቱ ያለውን ልጅ ቆነጠጠ። ተቆጡት። የጫማውን ማሰሪያ ፈታና መልሶ አሰረ። ተራው ደረሰ፤ ሮጠ። ተመልሶ ቆመ። ደወል ተደወለ። ቆጣሪውን ሳየው ልጁ የሮጠው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መምህሩ ላቡን እየጠረገ መጣና "ዛሬ በደንብ ሠራን አይደል?" አለኝ። እሱስ በደንብ ሠርቷል። ያላበው እሱ ነው።

ትስቃላችሁ! እስቲ ወረቀት አውጡና አብረን እናስላ። 40 ተማሪ አላችሁ እንበል። ዱላ ቅብብል ልታጫውቱ ነው። በሁለት ሰልፍ፣ ሃያ ሃያ አድርጋችሁ አቆማችኋቸው። አንድ ልጅ ደርሶ ለመመለስ 15 ሰከንድ ይፈጅበታል። 20 ልጅ በ15 ሰከንድ ሲባዛ ስንት ነው? 300 ሰከንድ፤ 5 ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ 15 ሰከንድ ይሮጥና 4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይቆማል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከክፍል ለመውጫ፣ ለመሰለፊያና ለማብራሪያ 10 ደቂቃ ጣሉበት። 30 ደቂቃ ቀራችሁ። በዚያ ውስጥ ለአንድ ልጅ ስድስት ተራ ይደርሰዋል። ስድስት ጊዜ 15 ሰከንድ፣ 90 ሰከንድ። አንድ ደቂቃ ተኩል! ልብስ ያስቀየርነው ለዚህ ነው ወይ?

አሁን ያንኑ ጨዋታና እነዚያኑ ልጆች ይዛችሁ በ10 ሰልፍ ክፈሏቸው። በአንድ ሰልፍ አራት ልጅ። ዙሩ በ60 ሰከንድ ያልቃል። በ30 ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ 30 ተራ ይደርሰዋል። 30 ጊዜ 15 ሰከንድ፣ 7 ደቂቃ ተኩል። አምስት እጥፍ! ምን ጨመርን? መስመር ማስመሪያ ጠመኔ ነው የጨመርነው። "ሜዳዬ ጠባብ ነው" የሚል ካለ ርቀቱን ያሳጥር። ርቀቱ ሲያጥር ሩጫውም ጥበቃውም እኩል ያጥራል፤ ልጁ ከአራት አንዱን ጊዜ መሮጡ አይቀርም።

ልብ በሉ፣ 7 ደቂቃ ተኩልም ብዙ አይደለም። በተለያዩ አገሮች ያሉ የሙያው አካላት የክፍለ ጊዜው ቢያንስ ግማሽ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ መሆን አለበት ይላሉ። ግማሽ! ሰልፍ ባለበት ጨዋታ ግማሽ መድረስ ከባድ ነው። ስለዚህ የኔ ምክር ሰልፉን ማሳጠር ብቻ አይደለም፤ ከቻላችሁ ሰልፍ የሌለበት ጨዋታ ምረጡ። ዱላ ቅብብል መጥፎ ነው አላልኩም። በወር አንዴ፣ በበዓል ቀን፣ ወላጅ ሲመጣ፣ ደስ ይላል። የሳምንት እንጀራ አታድርጉት ነው የምለው።

"መካከለኛ እና ጠንካራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ልጁን አናግሩት። እየተንቀሳቀሰ ማውራት ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው መካከለኛ ነው። ሁለት ሦስት ቃል ብሎ ትንፋሽ ከቆረጠው ጠንካራ ነው። እየሮጠ ዘፈኑን የሚዘፍን ከሆነ ደግሞ እየተንሸራሸረ ነው፤ ጨዋታውን አፍጥኑት። ሌላም አለ። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው በአንድ ፍጥነት ረጅም መንገድ መሮጥ ባሕርይው አይደለም። ፈትለክ ይላል፣ ይቆማል፣ ያርፍና እንደገና ፈትለክ ይላል። ሜዳውን አሥር ጊዜ ዙር ብትሉት ይሰለቻል። አባሮሽ ብታጫውቱት ግን ከዚያ በላይ ሮጦም አያውቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የብዙዎቻችሁ የሙያ አባት ታሪክ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1891 ነው፤ ቦታው አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ። ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነበር። ክረምት ነው፤ ውጭ መውጣት አይቻልም። ተማሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ የሚሠሩት ጂምናስቲክ ሰልችቷቸው አስቸግረዋል። አለቃው "እነዚህን ልጆች የሚይዝ የቤት ውስጥ ጨዋታ ፍጠር" ብሎ 14 ቀን ሰጠው። ናይስሚዝ አሰበ። በካናዳ በልጅነቱ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ትዝ አለው። ትልቅ ድንጋይ ላይ ትንሽ ድንጋይ ተቀምጦ፣ ያንን ከሩቅ ወርውሮ መጣል ነው። በኃይል የወረወረ ይስታል፤ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያጎነ ያገኛል። ከዚያ ሁለት የኮክ ቅርጫት ከፍ አድርጎ ሰቀለ፣ 13 ሕግ ጻፈና ቅርጫት ኳስ ተወለደ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰው የማያነሳው ነገር ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ በአንድ ወገን ስንት ተጫዋች ነበር? አምስት አይደለም። ዘጠኝ ነበር! ለምን? ክፍሉ ውስጥ 18 ተማሪ ስለነበረ። ሰውየው ጨዋታውን በክፍሉ ልክ ነው የሰፋው። እኛስ? እኛ አምስት ለአምስት የሚለውን ሕግ ከመጽሐፍ እናነሳለን፤ አሥሩን እናስገባለን፤ ሠላሳውን ዳር አስቀምጠን "አጨብጭቡ" እንላለን። እግር ኳስም ያው ነው፤ 22 ይገባል፣ ከነሱም ውስጥ ኳሷን የሚነኩት አምስቱ ጎበዞች ናቸው። 40 ልጅ ካላችሁ አራት ለአራት አድርጓቸው። አምስት ትንንሽ ሜዳ፣ አምስት ኳስ። ኳስ ከጠፋ የካልሲ ኳስ። ግብ ጠባቂ የለም፤ ግቡ በሁለት ድንጋይ መሃል ነው። ያኔ ኳስ የማይነካ ልጅ አይኖርም።

አሁን አንድ የሚያሳስብ ቁጥር ልጥቀስና ልለፍ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንካራ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ከዚህ ውስጥ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት፤ ዝላይ ማለት ነው፣ መንጠልጠል ማለት ነው። ታዲያ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ታዳጊዎች ከአምስቱ አራቱ ይህን አያሟሉም። ሴት ልጆች ደግሞ ይብስባቸዋል።

የኛ ክፍለ ጊዜ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው። 60 ደቂቃውን በየቀኑ እኛ አንሞላውም። ቢሞከርም አይሆንም። ታዲያ ምን እናድርግ? ልጁ ይዞት የሚሄድ ጨዋታ እንስጠው! ለዚህ ነው ቀላል ጨዋታ የምወደው። ዕቃ አይፈልግም፣ ዳኛ አይፈልግም፣ እኔን አይፈልግም። ጨዋታ ካስተማርኩ በኋላ በእረፍት ሰዓት በመስኮት አያለሁ። ያለ እኔ ከተጫወቱት ትምህርቴ ደርሷል። ካልተጫወቱት ጨዋታው ከባድ ነበር፤ ወይም ያስደሰተው እኔን ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

እኔ ልጅ ሆኜ ቀርፋፋ ነበርኩ። አትሳቁ! የስፖርት አስተማሪ ሁሉ ሯጭ ሆኖ የተወለደ ይመስላችኋል? መምህራችን የሚወደው ጨዋታ ነበረው፤ በኳስ እየመቱ የሚያስወጡበት። የተመታ ይወጣል። መጀመሪያ የምመታው እኔ ነበርኩ። ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ እላለሁ። ቀጥሎ አንድ ወፍራም ልጅ ይመጣል። ከዚያ መነጽር የምታደርግ ልጅ። ሦስታችን ተደርድረን ፈጣኖቹ ሲሮጡ እናያለን። እንግዲህ አስቡት፤ ከክፍሉ ውስጥ ሩጫ በጣም የሚያስፈልገው ማነው? ቁጭ ያሉት ሦስቱ ናቸው! ልምምድ የማያስፈልገው ፈጣኑ ልጅ እስከ መጨረሻው ይሮጣል፤ የሚያስፈልገው ቁጭ ብሎ ያያል። በሒሳብ ክፍል ውስጥ የተሳሳተ ተማሪ "ከዚህ በኋላ አታስላ፣ ተቀመጥ" ይባላል ወይ?

ይህን ያልኩት እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒል ዊሊያምስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ መውጣት አለባቸው ያላቸውን ጨዋታዎች ዘርዝሮ ጽፎ ነበር። በኳስ መመታቱ አለበት። ሙዚቃ ሲቆም ወንበር የሚሻሙበትም አለበት። ክብ ሠርተው ተቀምጠው አንዱ ብቻ የሚሮጥበትም አለበት። ምክንያቱ ልጅ ያስወጣሉ፣ ያሳፍራሉ፣ አብዛኛውን ልጅ ያስቀምጣሉ የሚል ነው። አንዳንዱ ላይ አልስማማም፤ እሱ አባሮሽን ሳይቀር ነቅፏል። እኔ አባሮሽን አልጥልም። ሕጉን ግን እለውጣለሁ።

እንዴት? የተነካ አይወጣም። የተነካ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። አምስት ጊዜ ዘሎ ይመለሳል። ወይም ጓደኛው መጥቶ ያስለቅቀዋል። ወይም እሱም አባራሪ ይሆናል። የቱንም ምረጡ፤ ብቻ ግድግዳ የሚደገፍ ልጅ አይኑር። "ታዲያ ውድድር ይጥፋ ነው የምትለው?" ትሉኝ ይሆናል። አይ! ልጅ ማሸነፍ ይወዳል፤ እኔም እወዳለሁ። ዙሩን አሳጥሩት ነው የምለው። የአንድ ደቂቃ ዙር የተሸነፈ ልጅ የሚከፋው ለአንድ ደቂቃ ነው። ወዲያው ሌላ ዙር አለ።

ቡድን አመዳደብንም እናንሳ። ሁለት ጎበዞች ይቆሙና ተራ በተራ ይመርጣሉ። መጨረሻ የቀረውን ልጅ ፊት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ እንኳ አይጠራም፤ "በቃ እሱን ውሰድ" ይባላል። ተዉት ይህን ነገር። በተወለዱበት ወር ክፈሏቸው። በጫማ ቀለም ክፈሏቸው። ጥንድ ጥንድ ሁኑ በሏቸውና አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አድርጉ። ሃያ ሰከንድ አይፈጅም።

ሌላው፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሩጫን ቅጣት አታድርጉት። "አርፍደሃል፣ ሦስት ዙር ሩጥ!" እንላለን። የምናስተምረውን ነገር ራሱን መቅጫ አድርገን ስናበቃ ልጁ እንዲወደው እንጠብቃለን። ርዕሰ መምህራንም እዚህ ስላላችሁ ልንገራችሁ፤ "ክፍሉ ረብሿል፣ ዛሬ ስፖርት የለም" ማለትም ያው ነው። የረበሸው ልጅ መሮጥ አምሮት ሊሆን ይችላል እኮ!

አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። የስፖርት ልብሷን ሁሌ ትረሳለች። "ቲቸር፣ ረሳሁ" ትልና ዳር ትቀመጣለች። እንደማትረሳ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። አንድ ቀን ፍጥነት የማይፈርድበት ጨዋታ አመጣሁ። መቀስ፣ ወረቀት፣ ድንጋይ ነው፤ በእጅ ምልክት የሚጫወቱት፣ መቀስ ወረቀትን፣ ወረቀት ድንጋይን፣ ድንጋይ መቀስን የሚያሸንፍበት። ጥንድ ጥንድ ሆነው ሜዳው መሃል ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከእያንዳንዱ ጀርባ በአሥር እርምጃ ርቀት መስመር አለ። በአንድ ላይ እጃቸውን ያወጣሉ። የተሸነፈው ዞሮ ወደ መስመሩ ይፈተለካል፤ ያሸነፈው ያባርረዋል። መስመሩ ሳይደርስ ከነካው አንድ ነጥብ። ተመልሰው እንደገና ይጀምራሉ። በየዙሩ ጥንድ ይቀያየራል።

ልጅቷን "ልብስሽ ይሁን፣ ጫማሽ ጥሩ ነው፣ ነይ ግቢ" አልኳት። ገባች። በጨዋታው ፈጣኑ ልጅም ቢሆን አባራሪ ይሁን ተባራሪ አስቀድሞ አያውቅም። ሲያመነታ ትቀድመዋለች። የክፍሉን አንደኛ ሯጭ ነክታ የጮኸችውን ጩኸት እስካሁን እሰማዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሯጭ ሆነች ብዬ አልዋሻችሁም። አልሆነችም። ልብስ መርሳቷ ግን ቀረ።

በሉ ወደ ሦስተኛው፤ ጨዋታዎቹን እናንተም ስለምታውቋቸው ፈጠን እላለሁ።

ድልድይ አባሮሽ። አንድ አባራሪ ለ40 ልጅ አይበቃም፤ አብዛኛው ልጅ ሩቅ ሆኖ ይቆማል። ለስድስት ለሰባት ልጅ አንድ አባራሪ መድቡ። ለመለያ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ እሰሩ። የተነካ ልጅ እግሩን ከፍቶ ባለበት ይደርቃል። ያልተነካ ጓደኛው በእግሮቹ መሃል ሾልኮ ነፃ ያወጣዋል። ቀሚስ የለበሱ ልጆች ካሉ ወይም መሬቱ የማይመች ከሆነ፣ መሹለኩ ይቅርና ሁለቴ ይዙሩት። በየሁለት ደቂቃው አባራሪ ይቀየር። የማዳን ደስታ ከማምለጥ ይበልጣል፤ ሆን ብለው ለማዳን አደጋ ውስጥ የሚገቡ ልጆች ታያላችሁ።

ጭራ ነጠቃ። እያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ጨርቅ ከኋላ ወገቡ ላይ ይሰካል። አያስረውም፤ ይሰካዋል። የራሱን እየጠበቀ የሌላውን ይነጥቃል። እዚህ ሁሉም አባራሪ ነው፣ ሁሉም ተባራሪ ነው። ጭራው የተነጠቀበት ልጅ ጨዋታው አያልቅበትም፤ መንጠቁን ይቀጥላል፣ የነጠቀውን መልሶ ይሰካል። ጭራን በእጅ መያዝ ክልክል ነው። መሬት ላይ መቀመጥም ክልክል ነው። ይህን ሁለተኛውን ሕግ ያወጡት ተማሪዎቼ ናቸው፤ አንዱ ብልጥ ሜዳው መሃል ጭራው ላይ ተቀምጦ አላስነጥቅ አላቸው።

ይህን ካነሳሁ ዘንድ፣ ልጆቹ ሕግ እንዲያወጡ ፍቀዱላቸው። ሁለት ዙር ካጫወታችሁ በኋላ "ምን እንለውጥ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚሉት ነገር አንዳንዴ ከኛ ይሻላል። አንዳንዴ ደግሞ ጨዋታውን ያበላሸዋል፤ ያኔ ራሳቸው "ቲቸር፣ የድሮው ይሻላል" ይላሉ።

በቁጥር ሰብሰብ። ሁሉም በሜዳው ውስጥ ይሮጣል። ፊሽካ ይነፋል። "አራት!" ስትሉ በአራት በአራት ይሰበሰባሉ። የተረፉት አይወጡም፤ ቀጣዩን ቁጥር የሚጠሩት እነሱ ናቸው። መትረፍ ሹመት ሆነ ማለት ነው። አሯሯጡንም ቀያይሩ፤ በአንድ እግር፣ ወደ ጎን፣ ጉልበት ከፍ አድርጎ። ለትንንሾቹ ክፍሎች ከዚህ የተሻለ ሰውነት ማሟሟቂያ አላገኘሁም። ከሒሳብ መምህር ጋርም ያስታርቃል፤ "12 ሲካፈል ለ3!" ብላችሁ ጥሩ።

ጎጆ ዘረፋ። አራት ማዕዘን ላይ አራት ቡድን፣ መሃል ላይ የካልሲ ኳስ ክምር። የየቡድኑ ማዕዘን ጎጆው ነው፤ ኳሱን ወደዚያ ያግዛል። ሲነፋ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። በአንድ ጉዞ አንድ ኳስ ብቻ። መሃሉ ሲያልቅ ከሌላ ቡድን ጎጆ መውሰድ ይቻላል። መከላከል የለም፤ መሮጥ ብቻ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ደቂቃ ካደረጋችሁት መሬት ላይ ይዘረራሉ።

ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞስ? እነሱን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። ግን የአጥንት ማጠንከሪያ ብዬ ያነሳሁት ዝላይ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ወንዶቹንም አስገቧቸው። "የሴት ጨዋታ ነው" የሚል ወንድ ካለ ሁለት ደቂቃ ሳያቋርጥ ገመድ እንዲዘል ጠይቁት። ቦክሰኞች ለምን እንደሚዘሉት ያኔ ይገባዋል።

በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ወይም በአንድ እግሩ የሚያነክስ ልጅ ካለ፣ "አንተ ውጤት መዝግብ" አትበሉት። ሕጉን ለሁሉም ለውጡት። ለምሳሌ አባሮሹን ሁሉም በእርምጃ ብቻ ይጫወተው። ሜዳውን አጥብቡት። ጭራ ነጠቃን በወንበሩ ጀርባ ላይ በተንጠለጠለ ጨርቅ መጫወት ይቻላል። ልጁንም ጠይቁት፤ ምን እንደሚችል ከሁላችን በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ስለ ጉዳት አጭር ነገር ልበል። "ግድግዳውን ነክተህ ተመለስ" የሚል ሩጫ አታዙ። ልጅ ፍጥነቱን ማቆሚያ አያውቅም፤ እጁን ይሰብራል። የመጨረሻውን መስመር ከግድግዳው ብዙ እርምጃ ራቅ አድርጋችሁ አስምሩ። መንካት በመዳፍ፣ ትከሻ ወይም ጀርባ ላይ ነው፤ መግፋት የለም። የጫማ ማሰሪያ ይታይ። ፀሐይ ከበረታ ጥላና ውሃ ይኑር። አስም ያለበት ልጅ ካለ ድንገት አታስፈትልኩት፤ ማሟሟቂያውን አስረዝሙለት፣ የሚነፋው መድኃኒትም ክፍል ውስጥ ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ሜዳው ዳር ይሁን። አንድ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም እንዲቆም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው። ይህን ካላስለመዳችሁ ከላይ ያልኩትን ሁሉ አትጀምሩት።

ማብራሪያችሁም ከአንድ ደቂቃ አይለፍ። ልጅ ጨዋታ የሚገባው ሲያይ ነው። አራት ልጅ አውጥታችሁ አሳዩ፤ "ጀምሩ" በሉ፤ ሲሳሳቱ አቁማችሁ አስተካክሉ። እኛ አስተማሪዎች ማውራት እንወዳለን። ይኸው እኔን እዩኝ፤ ስለ እንቅስቃሴ ላስረዳ ብዬ ይህን ሁሉ ጊዜ አስቀመጥኳችሁ!

ስለዚህ በቃኝ። ጥያቄ ያለው በኋላ ይጠይቀኛል። አሁን ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጉልኝ። እዚያ ጥግ ላይ አሸዋ ትንሽ ትንሽ የተደረገባቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች አሉ። ወለሉ ላይ በትኗቸው፤ ግማሹ ይቁም፣ ግማሹ ይተኛ። ከጥር እስከ ሰኔ የተወለዳችሁ አቋሚዎች ናችሁ፤ የተኛ ጠርሙስ ታቆማላችሁ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ የተወለዳችሁ አስተኚዎች ናችሁ፤ የቆመውን ቀስ አድርጋችሁ በእጃችሁ ታስተኛላችሁ። በእግር መምታት የለም። ጳጉሜን የተወለደ ካለ የፈለገበት ይግባ። አንድ ደቂቃ ነው። ርዕሰ መምህራን፣ ኮታችሁን አውልቁ፤ ወላጆችም አትቁሙ፣ ግቡ። ጉልበት የሚያማችሁ ካላችሁ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ እናደርግላችኋለን፤ ዳር የሚቀመጥ ሰው ግን የለም።

ዝግጁ ናችሁ? ፊሽካዬ የታለ?